የአሬታ ፍራንክሊን ውርስ፦ ሳይቋጭ የቀረ ኑዛዜ ቤተሰብን ምን ያስከፍላል?

አሬታ ፍራንክሊን ኦገስት 16 ቀን 2018 በዲትሮይት ከተማ ስታርፍ 76 ዓመቷ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።) የሞቷ ምክንያት ከቆሽት የተነሣ ካንሰር ነው። 18 የግራሚ ሽልማቶችን የወሰደች፣ በ1987 ወደ ሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ ከሴቶች ሁሉ ቀድማ የገባች፣ በ2009 በባራክ ኦባማ በዓለ ሲመት ላይ የዘመረች ድምፃዊት ናት። ትታ የሄደችውም ቀላል ሀብት አልነበረም፤ በዲትሮይትና በአካባቢዋ ያሉ ቤቶች፣ ጥሬ ገንዘብ፣ ጌጣጌጥ፣ የመድረክ ልብሶች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዘፈኖቿ በተሰሙ ቁጥር ገቢ የሚያመጡ የሙዚቃ መብቶች።

ስትሞት ባል አልነበራትም። አራት ወንዶች ልጆች አሏት፤ ሁሉም ለአካለ መጠን የደረሱ ናቸው። የበኩር ልጇ ግን ጉዳዩን በራሱ ማስተዳደር ስለማይችል በሕግ ሞግዚት ተሹሞለታል። ልጆቹን እዚህ በስም አልጠራም፤ የበኩሩ፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው እና የመጨረሻው እያልሁ እቀጥላለሁ።

ጉዳዩን ለጥናት የመረጥሁት ከዝናዋ ይልቅ ለማንኛውም ቤተሰብ በሚሰጠው ትምህርት ነው። ኑዛዜ መጻፍ ያስፈልጋል የሚለውን ምክር ያልሰማ የለም። አሬታም ሰምታዋለች፤ ጽፋለችም፤ ያውም ደጋግማ። ልጆቿን ለአምስት ዓመታት በፍርድ ቤት ያቆማቸው ከመጻፍ በኋላ ያለው ሥራ አለመሠራቱ ነው፤ ማለትም ጽሑፉን ቋጭቶ መፈረም፣ የቀደመውን መሻር፣ በታወቀ ቦታ ማስቀመጥ እና የሚመለከታቸውን ሰዎች በሕይወት ሳሉ መንገር።

ዘጠኝ ወር የዘለቀው ስምምነት

ቤተሰቡ መጀመሪያ ለኦክላንድ ካውንቲ የውርስ ፍርድ ቤት ያመለከተው ሟች ያለ ኑዛዜ እንደሞተች ነበር። የመዝናኛ ጉዳዮቿን ለዓመታት የያዘ አንድ የሎስ አንጀለስ ጠበቃም ትረስት እንድታቋቁም ለዓመታት ሲወተውታት እንደቆየ ሞቷ እንደተሰማ ለጋዜጠኞች ተናግሯል። ትረስት ማለት የንብረትን ባለቤትነት በሕይወት ሳሉ ለአንድ ባለአደራ አስተላልፎ፣ ባለአደራው ለተጠቃሚዎቹ ጥቅም እንዲያስተዳድረው የሚያደርግ ሕጋዊ ሥርዓት ነው። በትረስት ውስጥ የገባ ንብረት ባለቤቱ ሲሞት በውርስ ፍርድ ቤት በኩል ማለፍ አያስፈልገውም፤ ዝርዝሩም የአደባባይ መዝገብ አይሆንም። የግል ሕይወቷን አጥብቃ ትጠብቅ ለነበረች ሴት ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት ይሆን ነበር።

ኑዛዜ በሌለበት፣ ዲትሮይት የምትገኝበት የሚሺጋን ግዛት ሕግ ግልጽ ነው። ሟች የትዳር ጓደኛ ከሌላት ንብረቷ ለልጆቿ እኩል ይከፈላል። እያንዳንዱ ልጅ አንድ አራተኛ ይደርሰዋል ማለት ነው። ልጆቹም በዚህ አልተጣሉም። የእናታቸው እህት ልጅ የውርሱ አስተዳዳሪ እንድትሆን ተስማሙ፤ ፍርድ ቤቱም ሾማት። ሥራው ተጀመረ፤ ንብረት መቁጠር፣ ዕዳ መለየት፣ ውል መዋዋል፣ መሸጥ ያለበትን መሸጥ። ከተሸጡት መካከል አንድ የዲትሮይት ቤት ነበረበት፤ በ300,000 ዶላር ተሸጠ። ይህን ቤት አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

በሜይ 2019 የተገኙት ወረቀቶች

ከዘጠኝ ወር በኋላ አስተዳዳሪዋ ብሉምፊልድ ሂልስ በሚገኘው የአሬታ ዋና መኖሪያ ቤት ዕቃ ስትፈትሽ በእጅ የተጻፉ ሰነዶች አገኘች። በ2010 የተጻፉት በተቆለፈ ቁም ሣጥን ውስጥ ነበሩ። በማርች 2014 የተጻፈው ደግሞ በሽቦ በተጠረዘ ደብተር ውስጥ ሆኖ ከሶፋ ትራስ ሥር ተገኘ። ጽሑፉ ለማንበብ ያስቸግራል፤ የተሰረዙ ቃላት አሉ፣ በኅዳግ ላይ የተጨመሩ ሐረጎች አሉ። በመጨረሻው ገጽ በፊርማዋ ውስጥ የፈገግታ ምስል ተሥሏል።

ሁለቱን ሰነዶች ጎን ለጎን ማንበብ የጉዳዩን ልብ ያሳያል። በብዙ ነገር ይስማማሉ። የበኩሩ ልጅ እንዲደገፍ ሁለቱም ያዝዛሉ። ከሙዚቃ የሚገኘውን ገቢ ልጆቿ እንዲካፈሉም ሁለቱም ያመለክታሉ። ዋናው ልዩነት ያለው በሁለት ቦታ ነው፤ ማን ያስፈጽም በሚለው እና ዋናው ቤት ለማን ይሁን በሚለው።

የ2010ሩ ሦስተኛውን ልጅና የእህቷን ልጅ አስፈጻሚዎች ያደርጋል። ሁለተኛውና የመጨረሻው ልጅ ከውርሱ ለመጠቀም የንግድ ሥራ ትምህርት ወስደው የምስክር ወረቀት ወይም ዲግሪ እንዲያገኙም ያዝዛል። በ2014ቱ ይህ ግዴታ የለም። በአስፈጻሚነት የተጻፈው የሦስተኛው ልጅ ስም ተሰርዞ የመጨረሻው ልጅ ስም በቦታው ገብቷል። የብሉምፊልድ ሂልሱ ቤትም ለእርሱና ለልጆቹ ተሰጥቷል። ቤቱ አሬታ በሞተችበት ዓመት 1.1 ሚሊዮን ዶላር ተገምቶ ነበር።

አንዲት እናት በአራት ዓመት ውስጥ ስለ ልጆቿ ያላት አስተያየት ቢለወጥ የሚገርም ነገር የለውም። ኑዛዜ የሚሻሻለው ለዚሁ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ የተለወጠው አሳብ በአንድ ቤት ውስጥ ከአሮጌው ጋር አብሮ መቀመጡ ነው። በ2014ቱ ላይ የ2010ሩን የሚሽር አንድ ግልጽ ዓረፍተ ነገር ቢኖር፣ ወይም የ2010ሩ ከቁም ሣጥኑ ወጥቶ ቢቀደድ፣ ክርክሩ ከመጀመሪያው አቅም ያጣ ነበር። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። እዚህ ግን በጽሑፍ ያለው ሁለት ነበር፤ ሁለቱም ወራሽ አገኙ።

ከዚህም ሌላ በ2021 ሦስተኛ ነገር ብቅ አለ። አሬታ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከአንድ የሕግ ቢሮ ጋር ስለ ኑዛዜና ስለ ትረስት ትነጋገር ነበር፤ ቢሮው ረቂቅ እስከማዘጋጀት ደርሷል። ረቂቁ አልተፈረመም። ይህን ጉዳይ በተመለከትሁ ቁጥር ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ሁሉንም ውዝግብ ሊያስቀር የሚችለው ሰነድ በባለሙያ እጅ ተዘጋጅቶ ነበር። የጎደለው ፊርማ ነው።

ሕጉ የጠየቀው እና ልጆቹ የተከራከሩበት

ወረቀቶቹ ሲገኙ ስምምነቱ ፈረሰ። የመጨረሻው ልጅ በ2014ቱ መሠረት ውርሱን እኔ ላስተዳድር አለ፤ ሌሎች ተቃወሙ። በጃንዋሪ 2020 አስተዳዳሪዋ ሥራውን ለቀቀች። በመልቀቂያዋ አክስቷ ለቤተሰቧ የነበራትን ፍቅርና ጉዳይዋ በግል እንዲያዝ የነበራትን ፍላጎት አንሥታ፣ የተፈጠረው ነገር እርሷ የምትፈልገው እንዳልነበረ ገልጻለች። ፍርድ ቤቱ ከቤተሰቡ ውጭ የሆነ ጠበቃ በጊዜያዊነት ሾመ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ልጅ በየራሱ ጠበቃ ቆመ።

በሚሺጋን ሕግ መደበኛ ኑዛዜ በጽሑፍ መሆን፣ በተናዛዡ መፈረም እና ቢያንስ በሁለት ምስክሮች መረጋገጥ አለበት። በእጅ ለተጻፈ ኑዛዜ ግን ሕጉ ለየት ያለ በር ይከፍታል። ቀን ካለው፣ ተናዛዡ ከፈረመበት እና ዋና ዋና ክፍሎቹ በተናዛዡ የእጅ ጽሕፈት ከሆኑ ምስክር አያስፈልገውም። ከዚህ በተጨማሪ አንድ ሰነድ የፎርም ጉድለት ቢኖርበትም ሟች ኑዛዜዬ ይሁን ብላ እንዳሰበችው ግልጽና አሳማኝ ማስረጃ ከቀረበ ፍርድ ቤቱ ሊቀበለው ይችላል። ሕጉ የዋህ ነው ማለት ይቻላል፤ የሟችን ፈቃድ በፎርም ጉድለት ላለመጣል ይጥራል። የዋህነቱ ግን ዋጋ አለው። የላላ መስፈርት ብዙ ወረቀቶችን ወደ ችሎት ያስገባል፤ እያንዳንዱ ወረቀትም ጠበቃ፣ የእጅ ጽሕፈት ባለሙያ እና ቀጠሮ ይዞ ይመጣል።

ችሎቱ የተሰየመው በጁላይ 2023 በፖንቲያክ ከተማ ነው። ከሕዝብ የተመረጡ ስድስት ሰዎች ያሉበት ጁሪ ተቀመጠ። የቀረበለት ጥያቄ ጠባብ ነበር፦ የ2014ቱን ሰነድ አሬታ ፈርማዋለችን? ኑዛዜዬ ይሁን ብላስ ነው የጻፈችው?

ሦስተኛው ልጅ ለ2010ሩ ቆሞ ነበር። እናቱ አስፈላጊ ጉዳዮቿን ሁልጊዜ በጠበቃ በኩል በደንቡ ታስፈጽም እንደነበር መሰከረ። ጠበቃው ደግሞ ቁልፍ የተቆለፈበት ሰነድ ከሶፋ ሥር ከተገኘው ደብተር የበለጠ ክብደት እንዳለው ተከራከረ። ይህ ክርክር ከአእምሮ የራቀ አይደለም፤ ሰው የሚያከብረውን ነገር ይቆልፍበታል። የመጨረሻውና ሁለተኛው ልጅ ግን በ2014ቱ ጸኑ። የመጨረሻው ልጅ እናቱ ብዙ ጉዳዮቿን የምታከናውነው ሶፋ ላይ ተቀምጣ እንደነበር ተናገረ። የሁለተኛው ልጅ ጠበቃ ለጁሪው ያሳየው የሰነዱን መክፈቻ መስመር ነው፤ እዚያ ላይ አሬታ በሙሉ አእምሮዋ ሆና ኑዛዜዋን እንደምትጽፍ ራሷ ገልጻለች። ሰነዱ የት ተገኘ የሚለው ሳይሆን በሰነዱ ላይ ምን ተጻፈ የሚለው ይወስናል ማለታቸው ነበር።

ጁሪው አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላው ውሳኔውን ይዞ ወጣ። የ2014ቱ ሰነድ የጸና ኑዛዜ ነው።

ከአንድ ሰዓት ያነሰ ምክክር የፈታውን ጥያቄ እዚያ ለማድረስ ሰነዱ ከተገኘበት ቀን አንሥቶ አራት ዓመት ተሻግሯል። ልጆቹን ስግብግቦች ብሎ መፍረድ ይቀላል፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም። እያንዳንዳቸው የያዙት የእናታቸውን እጅ ጽሑፍ ነው። ሦስተኛው ልጅ የአስፈጻሚነት ስሙን በእናቱ እጅ ተጽፎ አይቷል፤ የመጨረሻውም እንዲሁ። ሁለቱም የእናቴ ፈቃድ ይህ ነው ሲሉ ከልባቸው ነበር። በዚህ ሁኔታ ሊያስታርቅ የሚችለው ሰው እናታቸው ብቻ ነበረች።

ከወራሾቹ ቀድሞ የሚቆመው ጠያቂ

ቤተሰቡ ስለ ኑዛዜ ሲከራከር የግብር ጥያቄ ጎን ለጎን ይሄድ ነበር። የአሜሪካ የፌደራል ግብር መሥሪያ ቤት በዲሴምበር 2018 ያቀረበው ጥያቄ ከ2010 እስከ 2017 ያሉትን ዓመታት የሚመለከት ሲሆን ቅጣቱ ተጨምሮ 7.8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ይህ ዕዳ ሳይከፈል ወራሾች ምንም ሊካፈሉ አይችሉም። ውርስ ማለት ከዕዳ የተረፈው ነውና።

በ2021 የተደረሰው ስምምነት የሚጠቅም ምሳሌ ስለሆነ እዘረዝረዋለሁ። ከውርሱ የሩብ ዓመት ገቢ 45 በመቶው ለውዝፍ ግብሩ ይውላል፤ 40 በመቶው አዲስ ለሚገባው ገቢ ለሚከፈል ግብር በዝግ ሒሳብ ይቀመጣል፤ 15 በመቶው ውርሱን ለማስተዳደር ይውላል። ለልጆቹ ለእያንዳንዳቸው 50,000 ዶላር ወዲያው ተፈቀደ። በዚህ መንገድ ዕዳው በጁን 2022 ተከፍሎ አለቀ። ከሁሉም በላይ ብልህነቱ ያለው በ40 በመቶው ላይ ነው፤ አሮጌውን ዕዳ ሲከፍሉ አዲስ ዕዳ እንዳይወልዱ አድርጓልና።

ሀብቷ በመጀመሪያ በጋዜጦች እስከ 80 ሚሊዮን ዶላር ይገመት ነበር። በማርች 2023 ለፍርድ ቤት የቀረበው ሒሳብ ግን ጠቅላላ ንብረቱን 4.1 ሚሊዮን ዶላር ይለዋል፤ በአብዛኛው ጥሬ ገንዘብና ቤቶች። የሙዚቃ ሥራዎቿና የአእምሮ ንብረቷ የተመዘገቡት ለስሙ ያህል በ1 ዶላር ነው። ከዚያ በፊት ባሉት 12 ወራት ውርሱ 3.9 ሚሊዮን ዶላር ገቢ አግኝቶ ወጪውም ወደዚያው ይጠጋል። ከወጪው ከ900,000 ዶላር በላይ ለተለያዩ የሕግ ቢሮዎች የተከፈለ ነው። ይህ የአንድ ዓመት ሒሳብ ነው።

የሙዚቃ መብትን መገመት ሁልጊዜ አስቸጋሪ ነው። ኤፕሪል 21 ቀን 2016 ያለ ኑዛዜ የሞተው ድምፃዊው ፕሪንስ ለዚህ ምስክር ነው። የውርሱ አስተዳዳሪ 82.3 ሚሊዮን ዶላር ሲል የግብር መሥሪያ ቤቱ 163.2 ሚሊዮን ዶላር አለ፤ በመጨረሻ በ156.4 ሚሊዮን ዶላር ተስማሙ። በአንድ ንብረት ላይ እጥፍ ልዩነት ማለት ነው። ስለዚህ ከመጽሐፍ፣ ከሙዚቃ ወይም ከፈጠራ መብት ገቢ ያለው ሰው ውሎቹን በአንድ ቦታ ሰብስቦ፣ ከማን ምን ያህል በስንት ጊዜ እንደሚገባ የሚያሳይ ዝርዝር መተው አለበት። ከሞተ በኋላ ይህን መረጃ ከባዶ መሰብሰብ ለወራሾቹ ብዙ ዓመት ይፈጃል።

የበኩሩ ልጅ

ስለ ሶፋውና ስለ ፈገግታው ምስል ብዙ ተጻፈ። ስለ በኩሩ ልጅ ብዙም አልተጻፈም። እኔ ግን የአንድ የውርስ ዕቅድ ጥንካሬ መመዘን ያለበት ራሱን መከላከል በማይችለው ወራሽ በኩል ነው ባይ ነኝ።

አሬታ እንዲደገፍ በሁለቱም ሰነዶች ማዘዟ መልካም ነው። ይሁን እንጂ እንዲደገፍ ማለት ስንት? ከየትኛው ገንዘብ? በማን እጅ? እስከ መቼ? ወንድሞቹ ሲጣሉ ወጪውን ማን ይፈርማል? በእጅ የተጻፈ የጥቂት ገጾች ኑዛዜ ይህን ሁሉ ሊይዝ አይችልም። በመጨረሻ ከፍርዱ በፊት በሞግዚቱ በኩል ከውርሱ የተወሰነ ድርሻ እንዲያገኝ ስምምነት ተደረገለት፤ በችሎቱም አልተሳተፈም። ጥሩ ውጤት ነው፤ ግን የተገኘው በሌሎች ድርድር ነው እንጂ በእናቱ ዕቅድ አይደለም።

በአሜሪካ ለእንዲህ ያለ ወራሽ የሚሠራ የታወቀ መሣሪያ አለ፤ ልዩ ፍላጎት ላለው ሰው የሚቋቋም ትረስት። ገንዘቡ በባለአደራ እጅ ይቀመጣል፤ ለሕክምና፣ ለመኖሪያ፣ ለዕለት ኑሮ ማሟያ እየተቆነጠረ ይወጣል። በአግባቡ ከተዘጋጀ ተጠቃሚው ከመንግሥት የሚያገኘውን እርዳታ አያሳጣውም። ባለአደራው ወንድም መሆን የለበትም፤ ባንክ ወይም ገለልተኛ ባለሙያ ቢሆን ይሻላል። ወንድምን ለወንድም ገንዘብ ጠባቂ ማድረግ ሁለቱንም ይጎዳል፤ አንዱን ተጠርጣሪ ያደርገዋል፣ ሌላውን ለማኝ።

ለሦስቱ ልጆችም ቢሆን ገለልተኛ አስፈጻሚ ነገሩን ያቀልላቸው ነበር። ከክርክሩ ገሚሱ ማን ያስተዳድር የሚል ነውና። እናት አንዱን ልጇን አስፈጻሚ ስታደርግ እምነቷን መግለጿ ነው፤ ሌሎቹ የሚሰሙት ግን እኛ አልታመንም የሚለውን ነው። ምክንያቷን በሕይወት ሳለች በአንድ ማዕድ ሰብስባ ብትነግራቸው መራራም ቢሆን ይዋጥ ነበር። ከሞት በኋላ በተሰረዘ ስም መልክ ሲደርስ ግን ማብራሪያ የሚጠየቅ ሰው የለም።

የኖቬምበር 2023 ውሳኔ

ከጁሪው ውሳኔ አራት ወር በኋላ ዳኛ ጄኒፈር ካላሃን ቤቶቹን በ2014ቱ ኑዛዜ መሠረት ደለደሉ። የብሉምፊልድ ሂልሱ ቤት ለመጨረሻው ልጅ ሆነ። ለሁለተኛው ልጅ ሌላ ቤት ደረሰው። ለሦስተኛው ልጅ የዲትሮይቱ ቤት ተወሰነለት፤ ያ ቤት ግን ኑዛዜዎቹ ሳይታወቁ በ300,000 ዶላር የተሸጠው ነው። ስለዚህ የጠየቀው ቤቱን ሳይሆን የሽያጩን ገንዘብ ነበር። አስተዳዳሪዋ ቤቱን ስትሸጥ የፈጸመችው ጥፋት የለም፤ በዚያን ጊዜ የምታውቀው ኑዛዜ አልነበረም።

አራተኛው ቤት ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያወጣል። ዳኛዋ ስለዚህ ቤት በ2014ቱ ሰነድ ውስጥ ግልጽ መመሪያ ስላላገኙ ተሸጦ ገንዘቡ ለአራቱም ልጆች ይከፈላል ተብሎ ተጠበቀ። ኑዛዜው ዝም ባለበት ቦታ ልጆቹን የጠበቃቸው ከአምስት ዓመት በፊት ያለ ክርክር ተስማምተውበት የነበረውን እኩል ክፍያ ነው። የሙዚቃው ገቢ በምን መንገድ ይተዳደር የሚለው ግን በዚያ ውሳኔ አልተቋጨም፤ ለጃንዋሪ 2024 ሌላ ቀጠሮ ተያዘለት።